ችቦ የያዘው ሰው

አሁን በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በእንግሊዝኛዬ ይስቃሉ። በአክሰንቴ አይደለም፤ እሱንማ ለምደውታል። የሚያስቃቸው የቃላቱ ዕድሜ ነው። አንድ ቀን ስለ አዲሱ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ምን እንደማስብ ጠየቁኝና ጥሩ ነው ለማለት «ስዌል ነው» አልኳቸው። አንዷ ልጅ የጠጣችውን ውሃ ልትረጨው ምንም አልቀራትም። ይህን ቃል አያቷ እንኳን እንደማይሉት፣ ምናልባት የአያቷ እናት ይሉት እንደነበር ነገረችኝ። ፍሪጅ ማለት ሲገባኝ አይስ ቦክስ እላለሁ። ሶፋውን ዳቨንፖርት እለዋለሁ። የማይረባ ወሬ ሲበዛብኝ «ማላርኪ» እላለሁ፤ ዝባዝንኬ እንደማለት ነው። ይስቁ። እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ አንዲት አሮጊት ናት፣ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም፤ የሰጡኝን ነው የያዝኩት።

ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ማንበብና መተየብ እችላለሁ፤ መናገር ሲመጣ ግን ምላሴ ይታሰራል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን መኖር ጀመርን። እሷ የምትሠራበት ኤጀንሲ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት የሚንከባከብ ሰው ሲፈልግ እኔን አስገባችኝ። ከወንዙ ብዙ በማይርቅ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የሰው ወሬ እያገናኙ የኖሩ በመሆናቸው ነው መሰለኝ ዝምታ አይወዱም ነበር። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ወደ መንገዱ እያዩ ያወራሉ። እኔ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝ «ዩ» የምትለው ቃል ናት። ለእናቴ እኩያ አንቺ ያልኩ ስለሚመስለኝ፣ ስናገር አንገቴን ደፋ እያደረግኩ አንቱታውን በአንገቴ እሞላው ነበር። እሳቸው አንገቴን የሚያመኝ መስሏቸው ቅባት ሰጡኝ። ቅባቱን ተቀበልኩ፤ ምን ብዬ ላስረዳ።

ከዚያ ቃላቱ መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል «ሂቢ ጂቢስ» እንደሚሰጣቸው ነገሩኝ። ጆሮዬ የያዘው «ጅብ» የምትለዋን ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጅብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሆነ አውሬ ገብቶ ሊሆን ይችላል ብዬ መጥረጊያ ይዤ ወረድኩ። ለካ ሰውነትን ውርር የሚያደርግ ፍርሃት ማለት ኖሯል። በሌላ ቀን ደግሞ ከሐኪም ቤት እንደተመለስን ውሾቼ እየጮኹ ነው አሉኝ። ውሻ የላቸውም። ሽማግሌ ሰው አንዳንዴ የሌለ ነገር ይሰማዋል ብዬ ሆዴ ባባ። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉልኝ፤ ውሾቹ እግሮቻቸው ናቸው፣ ጩኸቱ ድካሙ ነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብኩላቸው።

እየቆየሁ ስሄድ ነገሩ ተገለጠልኝ። የሴትዮዋ እንግሊዝኛ በመጽሐፍ አማርኛ አይተረጎምም። የሚተረጎመው በአራዳ ነው። ስዌል ያሉት የእኛ አሪፍ ነው። ስኪዳድል ሲሉኝ ላሽ በይ ማለታቸው ነው። ዶው የሚሉት ሊጥ ሳይሆን ጨላ ነው። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት ማገላበጡን ተውኩት፤ አንድ ቃል ሲያስቸግረኝ የሰፈራችን ጎረምሶች ይህን ምን ይሉት ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ብዙውን ጊዜም አገኘዋለሁ። ሴትዮዋ ያረጁ የፈረንጅ አራዳ ነበሩ።

ባለታክሲውን ያገኘሁት ፌርፋክስ አካባቢ ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ለአክስቴ ልጅ ስለ መንገዴ ሳማርር ሰማኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዤ መሐል ከተማ እወርዳለሁ፣ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፣ ከጣቢያው ደግሞ አውቶቡስ አለ፤ ዝናብ የዘነበ ቀን አልጋ ላይ መቅረት ነው የሚያምረኝ። እሱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ እንደሚነዳ፣ ማታ ማታ ሺፍቱን ሲጨርስ ወደ ቤቴ ሊያደርሰኝ እንደሚችል ነገረኝ። ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ውድብሪጅ ነው አለኝ። ለሱ እንዳይርቅበት ብጠይቀው «መንገዴ ነው» አለኝ። አገሩን አላውቀው፣ መኪና የለኝ፤ መንገዱ ከሆነማ ጥሩ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ቁጥብ ሰው ነበር። ሲያወራ ስለ መንገድ ነው፤ የትኛው ድልድይ እንደተዘጋ፣ የትኛው መውጫ እንደሚጨናነቅ። ሜትሩን ያጠፋዋል፣ ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ዝም ብለን እንሄዳለን። እኔ ዝምታውን ወደድኩት፤ ቀኑን ሙሉ ስሰማ ስለምውል ጆሮዬ ያርፋል። አንዳንዴ የጥንት አራዳ አማርኛው ያመልጠዋል። አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ተቀምጠን «ጨላ» ሲል ከጎናችን የነበሩ አዲስ መጪ ልጆች ሰሙትና ተሳሳቁ። አንዱ በትሕትና ዞሮ፣ ፋዘር፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው አለው። አሁን የሚባለውንም ነገሩት፤ እሱ ግን አልያዘውም። ያን ቀን ሳቅኩበት። በእኔም አፍ ላይ ያሉት ቃላት ከአገር ስወጣ በነበሩበት እንደቆሙ አላሰብኩም።

አሮጊቷ ታክሲው ከሕንፃው በር ላይ ሲቆም ከመስኮታቸው ያዩታል። በአንድ የክረምት ቀን በረዶ ጥሎ ነበር። እሱ ቀደም ብሎ መጥቶ፣ እኔ እንዳልንሸራተት ነው ለካ፣ ከደረጃው እስከ መኪናው ያለውን በረዶ በአካፋ ሲዝቅ ሴትዮዋ አዩትና «ሂ ኢዝ ኤ ጉድ ኤግ» አሉ። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እኔም እንቁላል አሁን እንደማንበላ፣ እሱም እንደማይበላ፣ እስከ ፋሲካ ወተትና ሥጋም እንደማይነካ በሰፊው አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ጾሙን ያን ያህል አጥብቆ የሚይዝ ከሆነማ ይበልጥ ጉድ ኤግ ነው አሉኝ። ደግ ሰው ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ስለ ፖስተኛው ሲሉት ሰምቼ ነው።

መስከረም ላይ ስለ መስቀል ነገርኳቸው። ደመራው በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች በፈቀዱት ልክ ነው የሚበራው፤ ያም ሆኖ ደስ ይላል። ሰው ሁሉ ችቦ ይዞ ይዞራል ብዬ ስነግራቸው «ቶርች» የምትለዋን ቃል ያገኘኋት በራሴ ነበርና ኮራሁ። ካበራን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ሴትዮዋ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ታች ታክሲው ውስጥ የሚጠብቀኝን ሰውዬ አይተው፣ ያ ሰው ላንቺ ችቦ ይዟል አሉኝ። የነገርኳቸውን ማስታወሳቸው ደስ አለኝ። አዎ ይዞ ነበር፣ እኔም ይዤ ነበር፣ ሁላችንም ነው የምንይዘው አልኳቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። በመሐረብ እየጠራረጉ፣ እንዲህ ከሆነማ በጣም ጥሩ ነው፣ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ አሉኝ። አልገባኝም። መድኃኒታቸውን ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ፍንጭ የሚባል ነገር አይገባኝም። ሰው የሚፈልገውን አፍ አውጥቶ ይናገር ባይ ነኝ፣ አሁንም ያው ነኝ። ስለዚህ በዚያው መከር አንድ ማታ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ሜሪላንድ ስንገባ፣ ሲያትል ያለው ወንድሙ መኪና ማጠቢያ እንደገዛና ና አብረን እንሥራ እንዳለው ሲነግረኝ፣ የሥራ ወሬ ነው ብዬ ሰማሁት። ሬዲዮኑን ጭራሽ አጠፋው። ትንሽ ቆይቶ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለኝ።

ታክሲ መንዳት ወገቡን እንዳሳመመው አውቃለሁ፣ ወንድም ደግሞ ወንድም ነው። የሚጠቅምህ ከሆነ ሂድ እንጂ አልኩት። እሺ አለ። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው መብራት አብርቼ እስካሳየው ጠብቆ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ታክሲውን አስረክቦ ሲያትል ገባ።

ሴትዮዋ ታክሲው መቅረቱን አስተዋሉ። ያ ሰው «ፓውደር ወሰደ» ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወንድ ነው፣ ፓውደር አይቀባም አልኳቸው። ዝርዝር ውስጥ አልገቡም፤ እጄን መታ መታ አድርገው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ላሽ አለ ወይ ማለታቸው ነበር። ይህን ቃል ባውቀው ኖሮ አዎ፣ ላሽ ብሏል፣ ላሽ በል ያልኩትም እኔው ነኝ እላቸው ነበር።

ወደ ባቡሩ ተመለስኩ። ቀዩን ይዤ፣ ቢጫውን ቀይሬ፣ አውቶቡስ ጠብቄ። የናፈቀኝ መኪናው ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ መኪና ገዛሁ፤ ያገለገለች ቶዮታ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መንዳት ቻልኩ፣ ናፍቆቱ ግን አልሄደም። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ዝምታው የሱ ዓይነት ዝምታ አልሆነልኝም። በጣም ናፍቆኝ ነበር። ይህን ለአክስቴ ልጅ እንኳን አልነገርኳትም፤ ደውዬለትም አላውቅም። እሱ ለበዓል እንኳን አደረሰሽ የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ እኔም እንኳን አብሮ አደረሰን ብዬ እመልሳለሁ፣ በዚያው ያልቃል።

አንድ ጊዜ ውድብሪጅ ክርስትና ተጠራሁ። ከአሌክሳንድሪያ ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ልሄድ መኪናዬን አስነሳሁ። መንገዱ ወደ ደቡብ ነው። ነዳሁ፣ ነዳሁ፣ ትራፊኩ አያንቀሳቅስም፤ ከቤቴ ጭራሽ እየራቅኩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከኋላዬ ነው፣ ወንዝና ሌላ ስቴት ተሻግሮ። መኪናዋን ነዳጅ ማደያ አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚያደርሰኝ፤ ከዚያ ይህን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ይነዳል። «መንገዴ ነው» ያለኝ ነጭ ውሸት ነበር፤ በአሮጊቷ ቋንቋ ማላርኪ። ክርስትናው ላይ ዳቦ ሲቆረስ ደረስኩ፣ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ያኔ ለምን አልደወልሽም የሚለኝ ይኖራል። ኩራት ነው እንዳልል፣ ኩራት ብቻ አልነበረም። ደግ ሰው ለማንም እንዲያ ያደርጋል፤ በረዶ ለማንም ይዝቃል፣ ራይድ ለማንም ይሰጣል። ውለታን ፍቅር ነው ብዬ ሲያትል ድረስ ደውዬ መሳቂያ መሆን አልፈለግኩም። ከአፉ የወጣ አንድ ቃል ብይዝ ኖሮ እሱን ይዤ እደውል ነበር። የያዝኩት ቃል ግን አልነበረም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ሴትዮዋ በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ከገባ በኋላ አረፉ። በሰላም ነው የሄዱት፣ ወንበራቸው ላይ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሴት ልጃቸው ቤቱን ለመልቀቅ ዕቃ ስታነሳ እንዳግዛት ጠራችኝ። ስልሳዎቹን ያለፈች፣ ከእናቷ ይልቅ ዝምተኛ ሴት ናት። ወጥ ቤቱን ተከፋፈልን፤ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ብርጭቆዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ እናቷ ከጋብቻ በፊት የሚወዱት አንድ መርከበኛ እንደነበር፣ ሰውዬው ሌላ አግብቶ እንደሄደ፣ እናቷ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሱ ችቦ እንደያዙ ነገረችኝ። አባቴም ያውቅ ነበር አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ችቦ መያዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። የገረማት ይመስለኛል፤ እናቷ የሚናገሩትን ሁሉ የማውቅ ይመስላት ነበር። አስረዳችኝ። ሰው ይወዳል፣ የሚወደው ሰው ግን ወይ አያውቅለትም፣ ወይ አይመልስለትም፤ እሱ ግን አያስቀምጠውም፣ እንደያዘ ይኖራል። ድሮ የሚባል ነገር ነው፣ አሁን ማንም አይለውም አለችኝ። በእኛ አራዳ ፎንቃ ያዘው እንላለን። ፎንቃ ግን ሰውን ይዞ ይለቅቃል፤ ይህኛውን የያዘው ሰውዬው ራሱ ነው።

ሴትዮዋ ነግረውኝ ነበር። መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው፣ በጣታቸው እያሳዩ፣ በግልጽ ነግረውኝ ነበር። እኔም ይዤ ነበር፣ ሁላችንም ነው የምንይዘው ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ለዚያ ነው እስኪያነቡ የሳቁት፤ ለዚያ ነው ምን ትጠብቃላችሁ ያሉት። ልጃቸው ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ውሾቼ እየጮኹ ነው አልኳት። ወንበር ሰጠችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። አግብቶ ሊሆን ይችላል፣ ልጅም ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሁሉ አስቤ ነው የደወልኩት። አነሳው። ስለ ጤና፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ሲያትል ዝናብ ተጠያየቅን። አሮጊቷ ማረፋቸውን ነገርኩት፤ ነፍስ ይማር አለ፣ ልቡ መነካቱ ያስታውቃል። ከዚያ ወሬው አለቀብን። «ችቦውን እስካሁን ይዘኸዋል ወይስ አስቀምጠኸዋል?» አልኩት።

ቀጥሎ በዝግታ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናግር ሆኖ፣ «የምን ችቦ? ገና ፋሲካ እንኳን አልደረሰም እኮ» አለኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ያን ሁሉ ዓመት በአሌክሳንድሪያ ጎዳና ፈረንጅ ሲያመላልስ አንድም ሰው ይህን ቃል አልነገረውም። በሰው ቋንቋ፣ ያውም ማንም በማይናገረው አሮጌ ቋንቋ በግልጽ ከመናገር ላመልጥ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም። የቀረኝ አማርኛ ነው፣ ተራው አማርኛ። ያን ማታ ድልድዩ ላይ ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የጠየቀኝን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት። አስታውሳለሁ አለ።

«ቅር ማለት ነበረብኝ» አልኩት። «ቅር ማለት ሲገባኝ እኔው ቅር ብሎኝ ቀረሁ። ውድብሪጅ የት እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ከወዲያ በኩል ውሃ የሚረጭ ማሽን ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ጠራው፤ እሱ ቆይ አለው፣ በአማርኛ። ማሽኑ ቆመ። የዘጋው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተዘጋም።

ከዚያ በቨርጂኒያው ኤርፖርት ልግባ ወይስ በሜሪላንዱ ብሎ ጠየቀኝ። የቱ ለቤቴ እንደሚቀርብ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ኑሮው መንገድ ነበርና። ግን መልስ እየጠበቀ ነው። ላንተ የቱ ነው መንገድህ አልኩት።

«ሁለቱም መንገዴ ነው» አለኝ።